ሦስት ፋኖችና አልቀበል ያሉኝ ጥፋት

በሕይወቴ አንድ የማልረሳት ቅዳሜ አለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምራ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አለቀች። በዚያች ቅዳሜ የሞተ የለም፣ የታሰረም የለም። የነበረው አንድ ራዲያተር፣ ሦስት ዓይነት ፋን፣ አንድ ባልዲ ውሃና አራት ሰው ነው። እንዲህ ስላት ቀላል ትመስላለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ባስታወስኳት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ይህንን የምጽፈውም ንዴቱ በርዶልኝ አይደለም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ በተረፈ አሮጌ ፎቅ ሁለተኛ ደርብ ላይ፣ ኮምፒውተር የሚገጣጠምበት ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። የምንገጥመው ተራ የቢሮ ኮምፒውተር አልነበረም። ቪዲዮ የሚያቀናብሩና የሕንፃ ምስል የሚሠሩ ሰዎች የሚያዙትን፣ በውሃ የሚቀዘቅዘውን ትልልቁን ነበር። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከባድ ሥራ የሚሠራ ኮምፒውተር ክፉኛ ይግላል። ሙቀቱን ውሃ በቱቦ ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ያመጣዋል፤ የመኪና ራዲያተር ታናሽ ወንድም በሉት። እዚያ ላይ የታሰሩ ፋኖች በራዲያተሩ ስስ ቆርቆሮዎች መሃል አየር እየገፉ ውሃውን ያበርዱታል፣ ውሃውም ተመልሶ ይዞራል። ፋኑ አየር ካልገፋ ውሃው እንደጋለ ይመለሳል። ሙያው ይኸው ነው፤ ከባድ የሚያደርገው የእኛ ንቀት ነው።

ማርታ እጇ ፈጣን ነው ይሉኝ ነበር። አፌ ከእጄ እንደሚፈጥን የነገሩኝ ግን ጋሽ ታደለ ብቻ ናቸው።

ጋሽ ታደለ ስልሳን ያለፉ፣ ፒያሳ ላይ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። ብየዳ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ማኪያቶ ሲያነሱ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንቃጨላል። መፍቻ ሲጨብጡ ግን መንቀጥቀጡ ይጠፋል፤ ለምን እንደሆነ ሐኪም ይወቀው። በሱቃችን የውሃ ቱቦ መጋጠሚያዎችን የሚያጠብቁት እሳቸው ነበሩ። አብረን በሠራንባቸው አራት ዓመታት አንድም ጠብታ ያፈሰሰ ሥራ አላየሁባቸውም። ፎቁ ላይ ያለ ባለሱቅ ሁሉ ከባድ ነገር ሲገጥመው “ለታደለ አሳዩት” ይል ነበር። ቤት የላቸው፣ መሬት የላቸው፤ ሀብታቸው ያ ስም ብቻ ነበር።

አለቃችን አቶ ዮሴፍ ይባላል። አቶ የምለው ከልማድ ነው፤ አክብሮቱን ያን ቅዳሜ ጨርሼዋለሁ።

በፎቃችን ላይ ፋን የምንፈትንበት አንድ ልማድ ነበረን። የሶፍት ፈተና እንለዋለን። ፋኑን ባንኮኒው ጫፍ ላይ አቁመን እናስነሳውና ከፊቱ አንድ ቅጠል ሶፍት እንለቃለን። ሶፍቱን አርቆ የወረወረ ፋን ያሸንፋል። በዚህ ማኪያቶ እንወራረድ ነበር። ደንበኛውም ሶፍቱ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ይስቅና ይገዛል። ከላይ እስከ ታች ያለ ባለሙያ ሁሉ በዚህ ያምን ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

ሰላማዊት የምትባል አርክቴክት ኮምፒውተር ባዘዘችበት ሳምንት አቶ ዮሴፍ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሄዶ ነበር። ፋን በመረጥንበት ቀን ዝናቡ ሰው ስላባረረ ሱቁ ውስጥ ጋሽ ታደለና እኔ ብቻ ነበርን። ሦስት ዓይነት ፋን አሰለፍኩ። አንደኛው አቶ ዮሴፍ በካርቶን የሚያስመጣው ርካሹ ጥቁር ነው። ሁለተኛው ጋሽ ታደለ ከአሮጌ ሰርቨር ላይ ፈተው ያስቀመጡት፣ ክንፉ ሰፋፊ የሆነ ግራጫ። ሦስተኛው ለናሙና የመጣልን፣ መስታወት የሚመስል፣ ባለ ቀለም መብራትና ክንፉ ቀጫጭን የሆነ። ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። ሶፍቱን እስከ በሩ ወረወረው። ጥቁሩ መሃል መንገድ ላይ ጣለው። ግራጫው አንድ ክንድ ያህል ገፋ አድርጎ አስቀመጠው።

“አዩልኝ ጋሼ? ፋን ማለት ይሄ ነው!” አልኩ።

“ባዶ ሜዳ ላይ ማንም ይሮጣል” አሉኝ። “ይሄ ራዲያተር ቆርቆሮው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከፊቱ የሚዘጋው ነገር ሲገጥመው የሚገፋ ፋን ነው የሚያስፈልግሽ። ካርቶኑ ላይ የጻፉትንም ቁጥር አትመኚው። እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ነው፣ አየራችን ቀጭን ነው። ራዲያተሩ ላይ እሰሪና ፈትኚው።”

እኔ ምን አደረግኩ? ሳቅኩ። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቴፕ ሪከርደር አይደለም!” አልኳቸው። ቀልድ መሆኑ ነው። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ቆንጆዎቹን ፋኖች እኔ አሰርኩ፣ ቱቦውን እሳቸው ገጠሙ። በሱቃችን ደንብ የሥራ ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው የመጨረሻውን መጋጠሚያ ያጠበቀው ሰው ነው። ዕቃውን ማን መረጠው የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ የለም። እሳቸው ፈረሙ፣ እኔ ለሰላማዊት ደወልኩላት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ሰላማዊት ኮምፒውተሩን በሁለት ሰው አሸክማ ደረጃውን ወጣች። አንዱ ቱቦ ከመጋጠሚያው ተላቅቆ ውሃው ማዘርቦርዱ ላይ ወርዷል። ግራፊክስ ካርዱም አልተረፈም።

“የሕንፃ ምስል እያወጣ ትቼው ምሳ ልበላ ወጣሁ” አለች። “ስመለስ ጠረጴዛው ውሃ ነው። መጮህ አልፈልግም። ምክንያቱን ብቻ ንገሩኝ።”

አለመጮኋ ከጩኸት የባሰ ነበር። አቶ ዮሴፍ የተላቀቀውን መጋጠሚያ አየ። የሥራ ወረቀቱን አወጣና ፊርማውን አየ። ከዚያ የጋሽ ታደለን ቀኝ እጅ አየ። ጎረቤቶች ነገር ሸቷቸው በሩ ላይ ተሰብስበው ነበር።

“ጋሽ ታደለ፣ እኔ እኮ ስንቴ ብያለሁ!” አለ፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለበሩ ሰዎች። “በዚህ እጅ መፍቻ ይያዛል? ሼባ ቤቱ ሲቀመጥ ነው የሚያምረው። ሰኞ ቁልፍ ያስረክቡኝ።”

ጋሽ ታደለ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ያንን ሳይ አንጎሌ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ።

“እሳቸው ያጠበቁት አይላቀቅም!” ብዬ ጮህኩ። “እርስዎ ያመጡት ቱቦ ነው! ለርካሽ ብለው ያመጡት ቱቦ ለስልሶ ነው!”

“ማርታ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።”

“አልቀንስም! ነገ እዚሁ አሳይዎታለሁ። ያው ራዲያተር፣ ያው ቱቦ። መጋጠሚያውን እኔ አጠብቀዋለሁ፤ የኔ እጅ መቼም አይንቀጠቀጥም። ከፈሰሰ ጥፋቱ የቱቦው ነው፣ ጋሼ ሥራቸው ላይ ይቆያሉ።”

“ካልፈሰሰስ?”

“ካልፈሰሰ ይሂዱ!”

እስቲ አሁን ይህን ንግግሬን እዩልኝ። ማን ፈቅዶልኝ ነው በሰው እንጀራ የምወራረደው? የማኪያቶ ውርርድ አደረግኩት። በሩ ላይ ያሉት አጨበጨቡልኝ፣ እኔም ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ሰላማዊት “እኔም እመጣለሁ” አለች። “ሦስቱንም ፋን እያፈራረቃችሁ አሳዩኝ። በምትኩ የሚሠራልኝ ላይ የትኛው እንደሚገባ ልወቅ።”

ወደ ቤት ስንሄድ ጋሽ ታደለ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዙኝ። “ማርቲ፣ ተይው ይቅር። ነገሩን አትነካኪው” አሉኝ። የፈሩ መሰለኝ። “ግድ የለም ጋሼ፣ እኔ አለሁልዎት” አልኳቸው። አለሁልዎት! ይህችን ቃል ሳስታውስ ፊቴ ይቃጠላል።

ቅዳሜ ጠዋት ባንኮኒውን አጽድቼ ዕቃውን ዘረጋሁ። ራዲያተሩ፣ ፓምፑ፣ ከዚያው ጥቅል የተቆረጠ አዲስ ቱቦ። በኮምፒውተሩ ፋንታ ውሃውን የምታግለው ለአንድ ኩባያ ሻይ የምትበቃ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረች፤ ሙቀቷ ከሰላማዊት ኮምፒውተር ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አስልቻለሁ። ውሃው ውስጥ ቴርሞሜትር ነከርኩ። መጋጠሚያዎቹን አጥብቄ ለአቶ ዮሴፍ አስነካሁት፣ “ጥብቅ ነው” አለ። ሰላማዊት ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ከቴርሞሜትሩ ፊት ተቀመጠች። ጋሽ ታደለ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስበው ጀርባቸውን ለብርሃኑ ሰጡ። በሩን ዘጋሁት፤ ለእያንዳንዱ ፋን አርባ ደቂቃ እንዲሰጥ ተስማማን።

በግራጫው ጀመርን። ድምፁ ደስ አይልም፣ እንደ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል። ውሃው ከሃያ ሁለት ዲግሪ ተነሳ፣ ሠላሳ ገባ፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስምንት ላይ ደርሶ ቆመ። አልንቀሳቀስ አለ። አርባ ደቂቃው ሲሞላ ሰላማዊት መጋጠሚያውን በጣቷ ዳሰሰችው።

“ደረቅ ነው” አለች።

“ቱቦዬ ጤነኛ ነው ማለት ነዋ!” አለ አቶ ዮሴፍ።

“ገና ነው” አልኩ። ውሃውን ቀየርን፣ ራዲያተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ጥቁሩን አሰርኩ። ይሄ ርካሽ ያፈስልኛል ብዬ ነበር። አርባ ሁለት፣ አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት። ቆመ። ሰላማዊት ዳሰሰች። ደረቅ።

አቶ ዮሴፍ እግሩን አነባብሮ ስልኩን ማየት ጀመረ። “ርካሽ ያልሽው ፋን አርባ ስድስት፣ ርካሽ ያልሽው ቱቦ ደረቅ። ሙድ ልትይዢብኝ ነበር የጠራሽን?”

ጥቁሩን ፈትቼ ሦስተኛውን ማሰር ጀመርኩ። የቀረኝ አንድ ፋን ብቻ ነው፤ የኔ ቆንጆ። መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ከሁለቱም ይበልጥ እንደሚያቀዘቅዝ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። አሁን ግን እርግጠኝነቴ ራሱ አስፈራኝ። ይሄኛው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ካቀዘቀዘ ቱቦው በምን ይፈስሳል? ካልፈሰሰ ጋሽ ታደለ ሰኞ ቁልፍ ያስረክባሉ፣ በኔ ውርርድ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ እንዳይፈስ የምለፋ ሰው፣ እባክህ ጊዮርጊስ ዛሬ ብቻ አፍስስልኝ ብዬ ለመንኩ።

ፋኖቹ ተነሱ። ድምፅ የላቸውም፣ መብራታቸው ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ይለዋወጣል። “ይሄስ ያምራል” አለች ሰላማዊት። በአሥረኛው ደቂቃ አርባ ደረሰ። በሃያኛው አርባ ዘጠኝ። ሰላማዊት ከቴርሞሜትሩ ቀና ብላ አየችኝ።

“አይቆምም እንዴ?”

“ይቆማል” አልኩ።

ሃምሳ አራት። ሰላማዊት ተነስታ እጇን በራዲያተሩ ማዶ ዘረጋች። “በዚህ በኩል እኮ ነፋስ አይወጣም” አለች። አላመንኳትም። ከጥቅሉ አንድ ቅጠል ሶፍት ቀድጄ በራዲያተሩ ማዶ ያዝኩት። ያ ፋን ሶፍት እስከ በሩ የወረወረ ፋን ነው። ቆርቆሮው መሃል ሲገባ አየሩ ታፍኖ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሶፍቱ ጣቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ጫፉ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

ሃምሳ ስምንት። ስልሳ አንድ። ቱቦው ፊታችን ላይ ለስልሶ መጉበጥ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ላብ አንድ ነጥብ መጋጠሚያው ሥር ታየች፣ ከዚያ ወፈረችና ባንኮኒው ላይ ጠብ አለች። ሁለተኛዋ ተከተለች።

“ፈሰሰ!” ብዬ ዘለልኩ። “ይኸው ፈሰሰ! እኔ ያጠበቅኩት ነው! የእሳቸው እጅ አይደለም!”

አቶ ዮሴፍ ማሞቂያዋን ነቀለ። እኔ ደስታዬን አልጨረስኩም ነበር። ሰላማዊት ደብተሯን አየች፣ እኔን አየች።

“ማርታ፣ በሁለቱ ፋኖች እኮ አልፈሰሰም” አለች በዝግታ። “ሠላሳ ስምንት፣ አርባ ስድስት፣ ስልሳ አንድ። ቱቦው ያው ነው፣ ያጠበቅሽውም አንቺው ነሽ። የተቀየረው ፋኑ ብቻ ነው።”

እጄ ላይ የቀረውን ሶፍት ጨብጬ ቆምኩ።

“የኔ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ይሄ ፋን ነው አይደል?” አለች። “ማን ነው የመረጠው?”

“እኔ” ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከመስኮቱ በኩል ቀድሞኝ ድምፅ መጣ።

“እኔ ነኝ” አሉ ጋሽ ታደለ።

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉ የከፋውን ነው። ዝም አልኩ። ከታች በምኒልክ አደባባይ በኩል ባቡሩ እያለፈ መስኮቱን ያንቀጠቅጠው ነበር፤ እስኪያልፍ ዝም አልኩ። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ያሰብኩትን ግን አውቀዋለሁ፤ ተረፍኩ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች የኔን ዝምታ አላዩም። ውስጤ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነቅዛል።

“ያው ነው እንግዲህ!” አለ አቶ ዮሴፍ እጁን እያራገፈ። “እጅ ካልሆነ ጭንቅላት ነው። ሰኞ ቁልፉን ይዘው ይምጡ።”

ጋሽ ታደለ ኮታቸውን ሲያነሱ ነው የነቃሁት።

“ውሸታቸውን ነው!” አልኩ። “እኔ ነኝ የመረጥኩት! በሶፍት ፈትኜ፣ እሳቸው ራዲያተሩ ላይ እሰሪው ብለውኝ፣ ስቄባቸው!”

እንባዬ መጣ። እንባዬ ባይመጣ ኖሮ ምናልባት ያምኑኝ ነበር። አቶ ዮሴፍ ሳቀ።

“ማርታ፣ አትፎግሪኝ። ለሽማግሌው አዝነሽ ነው፤ ይገባኛል።”

“አላዘንኩም! እውነቴን ነው! ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ!”

“ልጅቷ ታዝንልኛለች” አሉ ጋሽ ታደለ፣ ዓይኔን ሳያዩ። “እዚህ ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ናት።”

ሰላማዊት ትከሻዬ ላይ እጇን አሳረፈች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። “አሳዳጊሽን ይባርክ” አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ምርቃት ያቃጠለኝ ስድብ የለም።

አቶ ዮሴፍ በልቡ ያመነኝ ይመስለኛል። ነጋዴ ነው፣ ሰው ያነባል። ግን እኔን ቢያባርር ሥራው ይቆማል፤ እሳቸውን ማባረር ደግሞ ከድሮም ይፈልግ ነበር። የሚመቸውን እውነት መረጠ። እኔ ፋን የመረጥኩትም በዚሁ መንገድ አልነበር? ዓይን የሚሞላውን አንስቼ።

ደረጃውን እየዘለልኩ ወርጄ ጋሽ ታደለን አደባባዩ ጋ ደረስኩባቸው። ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ እየወጡ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቢሰማም ግድ አልነበረኝም።

“ማን ጠየቀዎት? ጋሼ፣ ማን ለምኖዎት ነው?”

“ቀስ በይ ልጄ። እኔ ስሜን በልቼዋለሁ፣ አርጅቷል። የአንቺ ገና ነው። አንዴ ‘ዕቃ አታውቅም’ ከተባልሽ፣ ሴት ልጅ ደግሞ፣ እዚህ ፎቅ ላይ ማን ሥራ ይሰጥሻል?”

“ይሄ የኔ ጣጣ ነው!”

“ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልተናገርኩም” አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸውም ተቆጡ። “በልቤ አይሆንም እያልኩ ፈረምኩ። ለምን? ሼባ ተጨቃጨቀ እንዳትዪኝ ፈርቼ። ይሉኝታ ያዘኝ። አይሠራም ብሎ እያወቀ የሚፈርም ሰው ጥፋተኛ አይደለም?”

“ነው! የእርስዎን ይያዙ! የኔን ግን ይመልሱልኝ!”

ቆም ብለው አዩኝ። ያልጠበቁት ነገር ነበር። ሕይወታቸውን ሙሉ የሰው ጥፋት ሲሸፍኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ከማንም ሰምተው አያውቁም መሰለኝ።

“የሰጡትን ስጦታ መመለስ ነውር ነው” አሉኝና በአትክልት ተራ በኩል ቁልቁል ሄዱ።

ሰኞ ቁልፍ ያስረከብነው ሁለታችንም ነን። አቶ ዮሴፍ “ተመለሺ” ብሎ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ ሱቅ ለሱቅ መዞር ጀመርኩ። በየባንኮኒው ቆሜ “የሰላማዊትን ኮምፒውተር ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ታደለ ነግረውኝ ነበር” እላለሁ። የመጀመሪያው ባለሱቅ “ጎበዝ ልጅ ነሽ” አለኝ። ሁለተኛዋ፣ ፕሪንተር የምትጠግን ሴትዮ፣ “ሰው ለአስተማሪው እንዲህ ሲሟገት ደስ ይላል” ብላ ማኪያቶ አዘዘችልኝ። ባሰብኝ። ጮህኩባት። “አይ የኔ እናት፣ ፍቅርሽ ነው” አለችኝ። በተናዘዝኩ ቁጥር የኔ ስም ይከብራል፣ የእሳቸው ይወድቃል፤ “አያችሁ፣ ልጅቷ እስክታዝንላቸው ድረስ ነው የደከሙት” ይባላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔዋ እያደር ደፈረሰች። በመጨረሻ መዞሩን ተውኩት፤ እየጎዳኋቸው ስለነበር።

ዛሬ የራሴ ትንሽ ቦታ አለኝ። ማንኛውንም ፋን ራዲያተሩ ላይ አስሬ፣ ውሃ አግዬ፣ ደንበኛው ፊት ቴርሞሜትር ነክሬ ነው የማወዳድረው። ደንበኛ ይሰለቻል። “ዝም ብለሽ በሶፍት አታሳዪንም?” የሚለኝ አለ፤ እንዲህ ያለውን ወደ ድሮው ፎቅ እልከዋለሁ፣ እዚያ እስከ አሁን ሶፍት ያስበርራሉ። የሥራ ወረቀቴ ላይ ዕቃውን የመረጠው ሰው የሚፈርምበት መስመር ከሁሉም በላይ ነው። ሠራተኛዬ ‘አይሆንም’ ሲለኝ ለመሳቅ አፌ ሲከፈት ይሰማኛል። እዘጋዋለሁ። ተለወጥሽ ካላችሁኝ የተለወጥኩት ይህችን ያህል ነው።

ጋሽ ታደለ ሰፈራቸው ሲነሳ ርቀው ኮንዶሚኒየም ገቡ። በበዓል በበዓሉ እሄዳለሁ። ከኔ ጋር እንዲሠሩ ለምኛቸዋለሁ፣ አንዴም አይደለም። “ሰው አብረን ሲያየን ‘አዝናለት ቀጠረችው’ ይላል፤ ይቅርብኝ” ይሉኛል። ያ ፎቅ ላይ ግን ‘ለታደለ አሳዩት’ የሚል ሰው ከጠፋ ቆይቷል። እሳቸው አያማርሩም፤ እኔ ነኝ የማማርረው። ባለፈው በዓል “እስከ ዛሬ ትቆጪኛለሽ?” ሲሉኝ “አዎ” አልኳቸው። እውነቴን ነው። ወደድኳቸውም ተቆጣኋቸውም፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እዚህ ድረስ ስታነቡ አንዳችሁ በልባችሁ “እንዴት ያለች ቅን ልጅ ናት፣ ለአስተማሪዋ ብላ” እንዳላችሁ እጠረጥራለሁ። እባካችሁ አትበሉ። በአፍ ስናገር ማንም ስላላመነኝ ነው በጽሑፍ ያመጣሁት፤ ጽሑፍ እንባ የለውም ብዬ። እያወቁ መክረውኛል፣ ስቄባቸዋለሁ፤ ሲሸፍኑኝ ተረፍኩ ብዬ ዝም ብያለሁ። ፒያሳ ላይ ስለ ታደለ እጅ የሚያወራ ሰው ከገጠማችሁ፣ በእጃቸው ጥፋት አንድም ነገር ፈስሶ እንደማያውቅ ንገሩት። ማን አጠፋ ካላችሁም ማርታ ናት በሉት፤ ደግሞ አደራ፣ ስሜን ስትጠሩ አትመርቁኝ።